እንደሌለሁ ቁጠሩኝ ያለው እንግዳ

ሰው ሊሞት መሆኑን ሐኪም ይነግረዋል። ሕዝብ ሊጠፋ መሆኑን የሚነግረው ግን፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ካሜራ የያዘ ፈረንጅ ነው። እናንተም ድንገት ቢነገራችሁ አትደንግጡ፤ ቁርሳችሁን ብሉ።

በጃንሆይ ዘመን መርሳ ላይ አስተማሪ ሳለሁ አንድ እንዲህ ያለ ወጣት ፈረንጅ መጣና አስተርጓሚው ሆንኩ። ሊጠፉ የተቃረቡ ሕዝቦችን ፊልም ያነሳል አሉ። የፈለገው ሼህ ይማምን ነበር። ሼሁ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ መንገደኛ ይመርቃሉ፤ ዱዓቸውን ሊቀበል እስላሙም ክርስቲያኑም ደጃቸው ካለው ሾላ ሥር ይሰበሰባል። «እኚህ ሽማግሌ ሲሞቱ ዱዓውም አብሯቸው ይቀበራል» አለኝ። ከዘይነባ፣ ከአንዲት ሴት ልጃቸው በቀር ልጅ አልነበራቸውም።

ፈረንጁ ካሜራውን ተከለና «እኔን እንደሌለሁ ቁጠሩኝና የሁልጊዜ ሥራችሁን ሥሩ በልልኝ» አለ። ተረጎምኩ። የሼሁ ፊት ጠቆረ።

«አስተግፊሩላህ! እንግዳ ቆሞ እንደሌለ ልቁጠረው? ምን በድሎኝ?»

ሊታረቁ የመጡትን ባላንጣዎች እዚያው ትተው ወደ ካሜራው ዞሩ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ፈረንጁን ይመርቁት ጀመር። ምርቃት ደግሞ ተጀምሮ አይቋረጥም። ሦስት ቀን ሞከረ፣ ሦስቱንም ቀን ተመረቀ። ፊልሙ አለቀበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሼሁ ካረፉና ዝናቡም ከራቀን ወዲህ፣ ፈረንጁ ፊልሙን ይዞ ተመለሰ። ወልድያ አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዴ ተወጠረ። ዘይነባ የአባቷን ድምፅ ልትሰማ ከመርሳ በጭነት መኪና መጣች። መልካቸውስ ሕልሟ ላይ ይመጣል፤ ድምፃቸው ነው የጠፋባት።

ሼህ ይማም አቡጀዴው ላይ ብቅ አሉ። ነፋስ ጨርቁን ሲነካው ወደ እኛ የሚራመዱ ይመስላሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ግን የለም። ለካስ ያ ካሜራ ድምፅ አይቀዳም ኖሯል! ዘይነባ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። ፈረንጁን ቀድሜ ጠይቄ ለእሷ ባለመንገሬ አፈርኩ፤ አዘንኩም።

ከዚያ ዘይነባ ዓይኗን ከአባቷ ከንፈር ሳትነቅል፣ ቀስ ብላ ጀመረች።

«መንገድህን ያቅናልህ...»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አሚን» አሉ።

«ካገርህ ሰው በደህና ያገናኝህ...»

አሁን ክፍሉ ሁሉ ተቀበላት፤ ከፊሉ አሚን፣ ከፊሉ አሜን። «ዝናቡን ለምድሩ...» ስትል ድምፃችን ወፈረ፤ የብዙዎቻችን መዳፍ ሳናስበው ተዘርግቶ ነበር። ሼሁ ከንፈራቸውን ሲገጥሙ እኛም አብረን ዝም እንላለን። አንድም ቃል አልጎደለም።

ፈረንጁ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ድምፁ ከየት መጣ?» አለኝ። ዘይነባ ዞር ብላ፣ ልጇን እንደምትቆጣ እናት፣

«አንተም አሚን በል እንጂ! የተመረቅኸው አንተ አይደለህ?» አለችው።

ተረጎምኩለት። እንደሌለሁ ቁጠሩኝ ያለው ሰውዬ መዳፉን ዘርግቶ አሚን አለ።