የትርንጎ እርሻና የኔ ኮምፒውተር

ዶሃ ውስጥ የሚኖር ሐበሻ የራሱ ዕቃ የለውም። አለኝ የሚል ካለ ራሱን እያታለለ ነው። በእጁ የያዘው ስልክ አገር ቤት ላለች የእህቱ ልጅ የታሰበ ነው። ጃኬቱ፣ ሻንጣው፣ የጸጉር መቁረጫው ሳይቀር በተስፋ የሚጠብቅ ወራሽ አላቸው። እኛ እስኪላኩ ድረስ አደራ ጠባቂዎች ነን። ስለዚህ እዚህ አገር አንድ ዕቃ ሲያረጅ ጥያቄው «ይጠገን ወይስ ይቀየር?» አይደለም። ጥያቄው «አገር ቤት የሚሄድ ማን አለ?» ነው።

ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው። ኮምፒውተሬ ማርጀት የጀመረ ሰሞን በጥናትና በምክክር የምወስን መስሎኝ ነበር።

ኮምፒውተር ስላችሁ የቢሮ እንዳይመስላችሁ። የጨዋታ ነው። ጎኑ መስታወት፣ ሆዱ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚንቦገቦግበት፣ ግዝፈቱ ከትንሽ ፍሪጅ የማይተናነስ። ዶሃ እንደገባሁ፣ ደመወዜን ምን ላድርገው ብዬ ግራ በተጋባሁበት ወቅት የገዛሁት ነው። ያ ወቅት በጣም አጭር ነበር፤ ቤተሰብ ሥራ መያዜን እስኪሰማ ብቻ ነው የቆየው። በእውነተኛ ሜዳ ላይ ኳስ ስመታ ጫማዬ ነው ቀድሞ የሚሄደው፤ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ግን ያላነሣሁት ዋንጫ የለም።

እርጅናው በጩኸት ጀመረ። መጀመሪያ ማራገቢያው ያጓራ ጀመር፤ ከዚያ ሰውነቱ ይግላል፤ ከዚያ ልክ ጎል ላገባ ስል ድርግም ብሎ ይጠፋል። ይህ በማንም ላይ ይደርሳል ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን በሙያዬ የማቀዝቀዣ መሐንዲስ ነኝ! ቀኑን ሙሉ ሰናይያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ አውሮፕላን ማሳደሪያ የሚያክሉ መጋዘኖችን ሳቀዘቅዝ እውላለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ አንዲት ሳጥን ማቀዝቀዝ አቅቶኝ በካርቶን ቁራጭ አራግብላታለሁ። ለማን አቤት ይባላል?

ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ጠጋኙ በመስታወቱ በኩል አየት አደረገና መጠገንም እንደሚቻል፣ አዲስ መግዛትም እንደሚቻል ነገረኝ። አንተስ ምን ትላለህ ብዬ ብጠይቀው «እንደ ፍላጎትህ» አለኝ። መዳንም ይቻላል መሞትም ይቻላል፣ እንደ ፍላጎትህ የሚል ሐኪም አጋጥሟችሁ ያውቃል? ተሸክሜው ተመለስኩ።

የሥራ ባልደረባዬ ዳዊት ይቀየር አለ። ዳዊት ሁሉም ነገር ይቀየር የሚል ሰው ነው። ምሳ እንኳ ካዘዘ በኋላ ሐሳቡን ይቀይራል። ይጠገን ያለችው ትርንጎ ብቻ ናት።

ትርንጎ የአክስቴ ልጅ ናት፤ አል ዋዓብ በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ናት፣ እዚያው ነው የምታድረው። የዕረፍት ቀኗ ዓርብ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ከዚያ ነጠላዋን እንዳጣፋች እኔ ቤት ትመጣለች፣ ሽሮዬን እየበላች ሽሮዬን ታማለች፣ ከመምሸቱ በፊት የአሠሪዎቿ ሾፌር መጥቶ ይወስዳታል። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ኳስ ስጫወት እሷ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይጥላት ነበር። አንድ ቀን ለቀልድ ያህል የእርሻ ጨዋታ ከፈትኩላት። ትራክተር አለ፣ መሬት አለ፣ ይታረሳል፣ ይዘራል፣ ይታጨዳል። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይጫወተዋል ብዬ ስቄበት የተውኩት ጨዋታ ነበር።

ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ኮምፒውተሬን ዓርብ ዓርብ አላገኘሁትም። ትርንጎ አርሳ፣ ዘርታ፣ ሸጣ፣ ጎተራ ሠራች። ከጎተራው ቀጥላ ላሞች ገዛች። ከሁሉ ግዙፏንና በጥባጯን ላም፣ አሠሪዋን እንደምትጠራት፣ ማዳም ብላ ሰየመቻት። «ያላ ማዳም፣ ግቢ! ማዳም፣ ከዚያ ውጪ!» እያለች ስታዛት ወጥ ቤት ሆኜ እሰማታለሁ፤ ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ዓርብ ጾም ስለሆነ ወተቱን አትጠጣውም፣ ትሸጠዋለች። ማለብ አልተከለከለም አለችኝ። የማይጠጣ ወተት መሆኑን ላስታውሳት አስቤ ተውኩት።

አንድ ጊዜ ምኑ ነው እንዲህ የወደድሽለት ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ሳምንት ቆይቼ ስመጣ እንደተውኩት አገኘዋለሁ» አለችኝ። «እዚያ ቤት ጠዋት የወለወልኩት ለምሳ ይቆሽሻል፣ ያጠፍኩት ሲመሽ ይዘበራረቃል። ይሄ ግን የዘራሁት በቅሎ ነው የሚጠብቀኝ።» ጥሩ ንግግር ነው ብዬ አደነቅሁ። አድንቄ ረሳሁት።

እንግዲህ ይቺ ትርንጎ ናት ይጠገን ያለችው። «ምን ሆነና ነው የሚቀየረው? ትንሽ ያስላል እንጂ ይሠራል» አለች። እኔ ደግሞ ዕቃ ሲጣል ማየት ስለማትወድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

እንዲህ ስንከራከር ሰነበትንና ነገሩን የቆረጠው ጎረቤታችን ጋሽ ሙሉጌታ ሆነ። ደውሎ «ነገ አገር ቤት እየሄድኩ ነው፤ ኪሎ ተርፎኛል፣ የምትልከው አለህ?» አለኝ።

ኪሎ ተርፎኛል! ይህን ቃል ሰምቶ ልቡ የማይደነግጥ የዶሃ ሐበሻ አለ? ሰው በሻንጣው የተረፈውን ኪሎ ሲሰጣችሁ የሚላክ የለኝም ማለት ነውር ነው። የሚላክ የሌለው ሰው እንኳ ሮጦ ሞል ገብቶ ሻምፑ ይገዛል። ስንት ቀን ያመዛዘንኩት ሁሉ፣ ጠጋኙ፣ ዳዊት፣ ትርንጎ፣ በአንድ አፍታ ከጭንቅላቴ ጠፋ። «አለኝ እንጂ ጋሼ!» አልኩ። ወራሹም ወዲያው ታየኝ፦ አዳማ ያለው ታላቅ ወንድሜ ግርማና ልጆቹ።

ለሰው የሚላክ ዕቃ ታጥቦ ነው የሚላከው። እናታችን ያስተማረችን ይህንን ነው፤ የተሰጠ ልብስ እንኳ ሳይታጠብና ሳይተኮስ ከቤታችን አይወጣም ነበር። እኔም መስታወቱን ከውጭ ወለወልኩ፤ ያለበትን ሁሉ ደምስሼ እንደ አዲስ ባዶ አደረግሁት። በእርግጥ ከመደምሰሴ በፊት የሚያስፈልገውን ገልብጫለሁ። ፎቶዎቼን ገለበጥኩ። የሥራ ሰነዶቼን ገለበጥኩ። የኳስ ዋንጫዎቼን አንድም ሳላስቀር ገለበጥኩ። ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወሰድኩለት። ጋሽ ሙሉጌታ ግዝፈቱን ሲያይ «ኪሎ አልኩህ እንጂ መጋዘን አልኩህ?» ብሎ ጮኸ። ግን ወሰደው፤ ቃል ነዋ።

አዲሱን ገዛሁ። ድምፅ የለውም፣ አይግልም፣ ከመንካቴ በፊት ይከፈታል። የሚቀጥለው ዓርብ ትርንጎ ስትመጣ ከበሩ ጀምራ «ውይ፣ ይሄ ደግሞ እንዴት ያምራል!» እያለች መረቀችልኝ። ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ሰቅላ ተቀመጠች። እኔ ወጥ ቤት ሽሮ እያማሰልኩ ነው። ትንሽ ቆየችና፣ የሆነ ቦታ ያስቀመጥኩትን ሹራቧን እንደምትጠይቀኝ ሁሉ፣ «ወንድምዬ፣ እርሻዬን የት አደረግኸው?» አለችኝ።

ማማሰያው እጄ ላይ ቀረ።

ሄጄ ላስረዳት ሞከርኩ። ስለ ዲስክ፣ ስለ ፎርማት፣ ስለ መረጃ አያያዝ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ሰው ሲያጠፋ ቋንቋው እንዴት እንደሚረቅ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በትዕግሥት ሰማችኝና «እና የለም?» አለች። የለም አልኳት። «ማዳምስ?» አለች። እሷም የለችም አልኳት።

«ኸላስ፣ ችግር የለም። ጨዋታ አይደል» አለችና ከወንበሩ ተነሣች። ብትሰድበኝ በቀለለኝ ነበር። ያን ሁሉ ወረቀት፣ ያን ሁሉ ዋንጫ አንድ በአንድ ሳስታውስ፣ ዓርብ ዓርብ ዓይኔ ሥር የምትታረሰው መሬት እንዴት ትዝ አላለችኝም? ይጠገን ስትለኝ ስለ ምን እንደምትናገር ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም ነበር። በጣም አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ።

ከመጀመሪያው ጀምሪው፣ ይሄኛው ፈጣን ስለሆነ ቶሎ ትደርሺበታለሽ ብዬ ለመንኳት። «ጉልበቱ የለኝም ወንድምዬ» አለችኝ። «ሳምንቱን ሙሉ ከመጀመሪያ ስጀምር ነው የምሰነብተው። ለዓርብ እንኳ ይቅርብኝ።»

አሁንም ትመጣለች። ሽሮውን ትበላለች፣ ታማዋለች፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች። ያ ኃይለኛ ኮምፒውተር ጥግ ላይ ዝም ብሎ ያበራል። እኔም እሷ ባለችበት ኳስ መጫወት አልቻልኩም። የሚያጓራ ነገር የለም እንጂ ቢያጓራ ይሻለን ነበር።

ባለፈው ዓርብ ወንድሜ ግርማ ደወለ። እጄ ሊጥ ስለነበረ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ምርቃቱ አያልቅም። እዚያ ያለ ጠጋኝ ከፍቶ ሲያየው ምንም አላገኘበትም፤ አቧራ ብቻ ነው፣ የዶሃ አቧራ። በአየር ነፍተው አወጡለትና ይኸው ያለ ድምፅ እየሠራ ነው። የማቀዝቀዣው መሐንዲስ ይህን እየሰማ ሊጡን ማሸት ቀጠለ። ከዚያ ግርማ፣ እንዳትቀየመኝ እንጂ ልጆቹ ከፍተው ቢያዩት ባዶ ሆኖባቸው አኮረፉ አለኝ። «ምነው እንዲህ አጸዳኸው? አንድ ጨዋታ እንኳ ብትተውበት ምን ነበረበት?»

እጄን ልለቃለቅ ወደ ቧንቧው ዞርኩ። ትርንጎ ከሶፋው ቀና ብላ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«ላም ነበረችበት ግርምሽ» አለችው፣ «ማዳም የምትባል። ወንድምህ አጥቦ ገደላት።»