በአቦ ዕለት የተመታ ቆርቆሮ

የገዛ ቤቱ ሲሠራ ተቀምጦ እያየ የማይቁነጠነጥ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ያ ሰው ወይ መንኖ ገዳም ሊገባ ስንቁን የቋጠረ ነው፣ ወይ ደግሞ ዐይኑ እንጂ ልቡ እዚያ የለም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የዚህ ዓለም ማደሪያ ኀላፊ፣ የወዲያኛው ግን ነዋሪ መሆኑን ስማርና ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ደቀ መዛሙርቴ በሣር ጎጆ ተኮማትረው ቅኔ ሲቆጥሩ፣ «ጠባብ ጎጆ ሰፊ ልብ ታወጣለች» እያልሁ አጽናናቸው ነበር። የራሴ ቤት መሠረት ሲቆፈር ግን ያ ሁሉ ትምህርት ከአፈሩ ጋር ተዝቆ ወጣ።

ሞጣ የምታስተምረው ልጃችን ናት ያስጀመረችን። ቢቸና ያለው አሮጌ ቤታችን ሌላ ክረምት እንደማይሻገር አይታ፣ በዚያው ግቢ ድንጋይ በጭቃ የሚገነባ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ታሠራልን ያዘች። አሮጌው ፈረሰ። እኔና ባለቤቴ ጥሩወርቅም በግቢው ጥግ ወዳለችው የእህል ማስቀመጫ ክፍል ገብተን ከጤፉ ጋር ጎረቤት ሆንን። ጤፉ ቀድሞ የገባ ስለሆነ ሰፊው ቦታ የእሱ ነው።

እንግዲህ ቤተሰቡ ሁሉ ሥራው ማየት ሆነ። ልጃችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሞጣ በአውቶቡስ ትመጣና ቦርሳዋን ሳታወርድ ግድግዳውን ትዞራለች፤ መስኮቱ ጠበበ ትላለች። እናቷ ሰፋ ትላለች። እኔ ዳዊቴን ይዤ ከግራሩ ሥር ድንጋይ ላይ እቀመጥና፣ አንድ መዝሙር አድርሼ አንድ ጊዜ ቀና እላለሁ። ኋላማ አንድ መዝሙር በዛብኝና በየአንቀጹ ቀና ማለት ጀመርሁ። ጥሩወርቅ ታዝባኝ ኖሮ፣ «የኔታ፣ ዛሬስ ዳዊቱን ደገሙት ወይስ ድንጋዩን ቆጠሩት?» አለችኝ።

ሰኔ ገባ። ከዓባይ በረሃ በኩል ደመናው ከቀትር በኋላ ይከመርና አይቶን ይበተናል። ግድግዳው አልቋል፣ ወራጁም ተሰቅሏል፤ የቀረው ቆርቆሮ መምታት ብቻ ነው። በእናንተ አገር እንዴት እንደሆነ አላውቅም እንጂ፣ በእኛ ዘንድ ጣራ ያልለበሰ የጭቃ ግንብ አንድ ደህና ዝናብ ከወረደበት ጭቃው ታጥቦ ይሄድና ድንጋዩ ሆዱን ነፍቶ ይናዳል። ሦስት ወር ያየነው ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ ክምር ድንጋይ ይሆናል ማለት ነው። ክረምቱንም ከጤፉ ጋር።

ግንበኛው አለባቸው የሞጣ ሰው ነው። እጁ ፈጣን፣ ሃይማኖቱ ጠንካራ። እንደምታውቁት ሥራ የሚታገድበት ወርኀዊ በዓል በየደብሩ ይለያያል፤ እዚህ የሚከበረው እዚያ ይታረስበታል። አለባቸውም፣ «የሰው አገር በዓል ሽሬ በረዶ አላስመታም» ብሎ ሁልጊዜ ጠዋት መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት እኔን ይጠይቀኛል። «የኔታ፣ ዛሬ በእናንተ ዘንድ ይሠራል?» ይሠራል ካልሁ ይወጣል፤ አይሠራም ካልሁ አምስቱንም ሠራተኞች ይዞ ይመለሳል። በዚህ ዐይነት ግንቦትን በበዓል ሸረፍነው። እኔም በኩራት ነበር የምመልሰው። ደመናው እስኪጠቁር ድረስ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ገና በማለዳው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ታየ። ዕለቱ አቦ ነው። በደብራችን አቦ ይከበራል፤ ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ ሰውን «አክብሩ» እያልሁ የኖርሁት እኔ ነኝ። አለባቸው መጣና፣ «የኔታ፣ ዛሬስ ይሠራል?» አለ።

ዳዊት በመድገም ላይ ያለ ሰው መዝሙሩን አቋርጦ አይናገርም። ይህ የታወቀ ሥርዓት ነው። እኔም ያን ዕለት በሥርዓቱ እንደ ጋሻ መከትሁ። ዐይኔን ከብራናው ሳልነቅል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በግራ እጄ ወደ ጣራው አመለከትሁ። አልዋሸሁም። ቃል ከአፌ አልወጣም። እጅ ግን ለካ ይዋሻል።

ወጡ። መዶሻው ተንኳኳ። አንደኛው የጣራ ወገን እስኪለብስ ድረስ ያንኑ መዝሙር ስንት ጊዜ እንደ ደገምሁት እግዜር ይወቀው፤ ባቆም ይጠይቁኛልና አላቆምሁም።

እያወቁ አለቁ ይባላል። ሁሉን አስቤ ጥሩወርቅን ረስቻለሁ። ረፋድ ላይ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ዳቦዋን በመሶብ ወርቅ ተሸክማ፣ ከክፍላችን ወጣችና በቆርቆሮው ሥር አለፈች።

«እትየ፣ ወዴት ነው እንዲህ አምሮብዎ?» አለ አለባቸው ከላይ።

«የአቦን ጽዋ ልጠጣ ነዋ።» ቀና ብላ አየችው። «እናንተስ ምን ልትሆኑ ወጣችሁ?»

መዶሻው ዝም አለ። አለባቸው ቀስ ብሎ ወረደ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ፊቴ መጥቶ ቆመ። እኔም ዳዊቱን ዘጋሁት።

«አቦ ነው እንዴ የኔታ?»

«ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉን?»

«ደመናውን ፈርቼ» አልሁት። በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ ያጠረ ኑዛዜ ተናዝዤ አላውቅም።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ራሱን ነቀነቀ። «ቢነግሩን ምን ነበረበት? በበዓል የተከለከለው ለደመወዝ መሥራት ነው እንጂ፣ አቅም ላነሰው ለነፍስ መሥራትን ማን ከለከለ? ባለፈው ሚካኤል የአንዲት ድኻ እማሆይን ጎጆ በነጻ ያስከደኑን እርስዎ አይደሉም እንዴ? ይኸው ተናግረው ቢሆን በጽድቅ እንመታልዎ የነበረውን፣ ዝም ብለው በኀጢአት አስመቱን።»

ጥሩወርቅ መሶቧን ይዛ ወደ ጽዋው ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ግን ማኅበርተኛውን በሙሉ አስከትላ ተመለሰች፤ የማኅበሩ ቄስ ሳይቀሩ፣ ጠላው ከነጋኑ። አለባቸው የጠዋቱ ሥራም ያለ ደመወዝ ይሁን ብሎ ለአቦ ተሳለና እንደገና ወጣ። ጎረምሶች ቆርቆሮ አቀበሉ፣ ሽማግሎች ሚስማር አቀኑ፣ ሴቶች ውኃና ዳቦ አዞሩ። ደመናው ከላያችን ነው፤ ሁሉም ይሮጣል።

እኔም መቋሚያዬን አጋድሜ አንድ ቆርቆሮ በጠርዙ ያዝሁ።

«ይተዉት የኔታ» አሉ ቄሱ። «ለኛ ለነፍስ ነው። ለእርስዎ ግን የገዛ ቤትዎ ነውና ሥራ ነው። በዓል መሻር ይሆንብዎታል።»

ፍርዱ ትክክል ነው። መጽሐፍ ልጠቅስበት ፈለግሁ፣ የመጣልኝ ሁሉ ለእሳቸው የሚያግዝ ሆነ። ወደ ድንጋዬ ተመለስሁ። ከወዲያ ጠርዝ አንድ ሚስማር ተጣሞ ሲገባ አየሁ፤ ብድግ አልሁ።

«ቁጭ ይበሉ» አለች ጥሩወርቅ።

ቁጭ አልሁ። ዝናቡ ሲመጣ የመጨረሻው ቆርቆሮ ተመትቶ ነበር። የሰፈሩ ሰው በሙሉ በላብ ተጠምቆ ዋለ፤ በዚያ ቀን ሥራ ፈትቶ አቦን በወጉ ያከበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ተገዶ።