የሚታረም የሐዘን ማስታወቂያ

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ አበው። ኮምፒዩተር ስላላዩ ነው። ዛሬ ወረቀት በአንድ ጣት ሲነኩት የያዘውን ሁሉ ይለቃል፤ ስም ቢሉ ስም፣ ፎቶ ቢሉ ፎቶ። እንደያዘ የቀረው ሞኙ ብቻ ነው። ይህን የምላችሁ ሰው ለማማት እንዳይመስላችሁ፤ ሞኙ እኔ ነኝ።

ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ካርቱም ዴም በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የምሠራባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ሐበሻ ሲሞት እድራችን ፎቶውን ከነስሙ አሳትሞ በየሻይ ቤቱ በርና በሚኒባስ መቆሚያው ይለጥፋል። ዘመድ ካለው አይቶ ለቀብር ይደርሳል፤ ለእናቱም መርዶ የሚልክ ይገኛል። በሰው አገር ለሞተ ሰው ከዚህ በላይ የሚደረግለት የለም። ማስታወቂያውን የነደፈልን ልጅ ግን ወደ ሊቢያ ሲሄድ የተወልን የፎቶሾፕ ፋይሉን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ እኔ ጋ የለም። ስለዚህ ሰው በሞተ ቁጥር ፕሮግራሙ ያለውን ሰው ፍለጋ ድልድዩን ተሻግሬ ኦምዱርማን እሄዳለሁ። ሟች ይጠብቀኛል፤ ምን አማራጭ አለው?

በኋላ እንዲህ ያለውን የምስል ፋይል ተቀብሎ ወርድ በሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም የሚታረም ቅጽ አድርጎ የሚመልስ ድረ ገጽ አገኘሁ። ኔትወርኩ እየተንፏቀቀ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ እንጂ መጣልኝ፤ ስሙ ለብቻ፣ ፎቶው ለብቻ፣ ከላይ ያለው መስቀል ለብቻ። ሁሉም ይነሳል፣ ሁሉም ይተካል። ደስ አለኝ። በሞት ማስታወቂያ የሚደሰት ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ያን ቀን እኔን ማየት ነበረባችሁ።

ሳምንት ሳይሞላ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዱ የአንዲት ልጅ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ይዘው መጡ። እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፣ በሰው ቤት ስትሠራ ታማ ሞታለች። ኢቃማው ሐናን ይላል፤ ፎቶው ላይ ፀጉሯን ተከናንባለች።

«ያላ፣ ቶሎ በልልኝ» አሉኝ። «ሆስፒታሉ ጀናዛዋን ከነገ ወዲያ በላይ አላቆይም ብሏል። የሚያውቃት ከመጣ መጣ፤ ካልመጣ ኢቃማዋ እንዳለው ትቀበራለች።»

ስሙን አየሁ፤ መስቀሉን አየሁ። እንደ ድሮው ቢሆን ኦምዱርማን እስክደርስ መንገድ ላይ አስብ ነበር። አሁን ማሰብ አላስፈለገኝም። መስቀሉን ነካሁት፣ ጠፋ። በቦታው ጨረቃ አስገባሁ፤ ልጅቷን ያከበርኳት መስሎኝ። ጋሽ ወልዱም አዩና «ታማም፣ ጥሩ ነው» ብለው ወሰዱት።

ሁለት ቀን ተለጥፎ ዋለ። ማንም አልመጣም። ሙስሊም ወገኖቻችን ዘመድ የላትም ብለው በወጉ አጥበው፣ ሰግደውባት፣ በራሳቸው መቃብር ቀበሯት። በእነሱ በኩል የጎደለ ነገር የለም።

በማግስቱ አንዲት ወጣት ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ መጥታ፣ ግድግዳዬ ላይ የቀረውን ቅጂ አየችና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ጽጌ ናት» አለች። «ከመተማ በአንድ መኪና ነው የገባነው።»

«ሁለት ቀን ሙሉ በየቦታው ተለጥፎ ነበር እኮ፣ እህቴ።»

«በአጠገቡ ስንቴ አልፌያለሁ። ጨረቃውን ሳይ የእኛ ሰው አይደለችም ብዬ ፊቷን ሳላይ አለፍኩ። ሐናን ያላት ደላላው ነው፤ ሥራ ቶሎ ይገኛል ብሎ። እሷ የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። ፍትሐት እንኳ አላገኘችም። አንተስ ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ስትኖር ስም እንደሚቀየር አታውቅም?»

ለጽጌ እናት የምትልከውን ማስታወቂያ በስሟና በመስቀሏ ሠራሁላት፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀ። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ምክንያቱም ስም እንደሚቀየር አውቃለሁ። በኢቃማዬ ላይ እኔ ራሴ ከማል ነኝ፤ እናቴ ግን ኃይለ ሚካኤል ነው የምትለኝ። ልጅቷ እንደሄደች ቅጹን ከፈትኩና ከስም ሥር «ሌላ ስም» የሚል መስመር ጨመርኩ። መጀመሪያ የራሴን ሁለት ስም ሞላሁበት። ፎቶዬን አስገባሁ። መስቀሉን መለስኩ። ቀኑን ብቻ ክፍት ተውኩት፤ እሱን የሚሞላ አይጠፋም።