ለወረቀት አበባ ጥላ ስሠራ

በኮምፒውተር የፎቶ አልበም መሥራትን የጡረተኛ ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ፣ መጀመሪያ አንዲት አበባ ላይ ጥላ ያሳርፍና እንነጋገር። ቀላል ይመስላል አይደል? ገጹ ላይ ፎቶ ታስቀምጣለህ፣ ከጎኑ የወረቀት አበባ፣ ጥግ ላይ ቁራጭ ሪባን። ሁሉም ግን መስታወት ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ድርቅ ብለው ያፈጡብሃል። ነፍስ የሚዘራባቸው ጥላ ነው።

ጥላ ደግሞ ሕግ አለው። ብርሃኑ ከግራ ከመጣ የሁሉም ጥላ ወደ ቀኝ ይወድቃል፤ አንዱ ካፈነገጠ ገጹ ላይ ሁለት ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። ከወረቀቱ የተጣበቀ ነገር ጥላው ቀጭንና ጠቆር ያለ ነው፤ ብድግ ያለ አበባ ጥላው ሰፊና የሳሳ። ይህን ለመማር ግማሽ ዓመት ፈጀብኝ። ባለቤቴ፣ አጥሩ ዘሞ ሊወድቅ ለአበባ ጥላ የሚጨነቅ ባል የተሰጠኝ በምን ኃጢአቴ ነው ብላለች።

ሙያ በልብ ነው ይላሉ። እኔ ግን ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽም ለልጅ ልጆቻቸው የሚያወርሱት አልበም ፈልገው፣ የቤተሰብ ፎቷቸውን በፖስታ አድርገው አመጡልኝ። አንድ በአንድ በስልኬ አነሳሁና መለስኩላቸው።

ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት አንዱን ነበር። የልጅነታቸው የፋሲካ ጠዋት ነው። እትዬ በላይነሽና ሦስት ወንድሞቻቸው አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለመጣችባቸው ዓይናቸውን አጨንቁረው፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ግቢያቸው ሣር ላይ ተደርድረዋል። ያነሷቸው አባታቸው ናቸው። አባትየው ካሜራቸውን ሰው አያስነኩም ነበር አሉ። የሰፈሩን ሠርግና ክርስትና ሁሉ አንስተው፣ ራሳቸውን ያነሳቸው ሰው የለም።

ሥራዬን ጀመርኩ። ጭረቱን ጠገንኩ፣ ነጠብጣቡን አጸዳሁ። ሣሩ ላይ አንድ ጥቁር ነገር እስከ ልጆቹ እግር ድረስ ተጋድሟል፤ ክርኖቹን ግራና ቀኝ የከፈተ የሰው ጥላ። ፎቶውን አቆሽሾታል ብዬ በሣር ሸፈንኩት። ያን ጊዜ መብራት ድርግም ብሎ ቢጠፋ ምን ነበረበት! ስትፈልገው አይጠፋም። የታረመውንም በስልኬ ባነሳሁት ቅጂ ላይ ደርቤ አስቀመጥኩ፣ ያልታረመው ጠፋ፤ ቆሻሻው ምን ያደርግልኛል? ከዚያ ለፎቶው ጠርዝ፣ ለአበባው፣ ለሪባኑ ልክ ልካቸውን ጥላ ሰጠኋቸው። አበባውን በእጄ ላነሳው ምንም አልቀረኝ።

ክረምት ገባ። የእትዬ በላይነሽ ጣሪያ አፍስሶ የፎቶ ሣጥናቸው ውሃ ገባበት። ፎቶዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ሲላቀቁ፣ ፊት የሚባል ነገር አልተረፈም። እሳቸው ግን ብዙም አልደነገጡ። "አንተ ዘንድ አለልኝ አይደል?" እያሉ መጡ።

ገጹን ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉ፣ ራቅ አሉ። ጣታቸውን ሣሩ ላይ አሳረፉና፣ "አባዬስ?" አሉ።

"የቱ አባ..." ብዬ ጀመርኩ እንጂ አልጨረስኩትም።

"እዚህ ነበር እኮ። ክርኑን እንዲህ አድርጎ።" ከዚያ አበባውን አዩት። "ለወረቀት ጥላ ሠርተህ የአባቴን አጠፋህብኝ?"

ከደጃቸው ሆነው ዊንጌት የደረሰ ታክሲ የሚመልስ ድምፅ ያላቸው ሴትዮ፣ ይህን ያሉት በሹክሹክታ ነው።

የተማረ ሰው ሲያጠፋ በዕውቀቱ ሊያርም ይነሳል፤ ሁለተኛው ጥፋቱ እሱ ነው። ጠዋት ግቢ ወጥቼ፣ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ፣ ክርኔን ከፍቼ፣ የራሴን ጥላ አነሳሁ። ሳምንት ሙሉ ስለፋበት ሰነበትኩ። ርዝመቱን ለካሁ፣ የሣሩን ቀለም አለበስኩት፣ ጫፉን አሳሳሁ። በዕድሜዬ እንደሱ ያለ ጥላ ሠርቼ አላውቅም።

እትዬ በላይነሽ ብዙ አዩት።

"ጎበዝ ነህ፤ እውነተኛ ይመስላል" አሉኝ። ልቤ ሞቅ ሊል ሲል ቀጠሉ፦ "ግን ልጄ፣ ግቢያችን ውስጥ የማላውቀው ሰው አቁመህብኛል። በል አስወጣልኝ።"

አስወጣሁት።