የጓሳው የድንጋይ ሽበት

በዩኒቨርሲቲው የደረቁ ዕፅዋት ቤት፣ ከጓሳ ገደል ተፍቆ የመጣ አንድ የድንጋይ ሽበት በፖስታ ተቀምጧል። ከፖስታው ጀርባ ሁለት ወረቀቶች ተለጥፈዋል። አንደኛው፣ «በዚህ ውስጥ ፈንገስና አልጌ አብረው ይኖራሉ። ፈንገሱ ጣራና ግድግዳ ሆኖ አልጌውን ከፀሐይና ከውርጭ ይጠብቃል» ይላል። ሌላው፣ «አረንጓዴው አልጌ ምግብ ይሠራል፤ ፈንገሱ አስሮ ይበላዋል» ይላል። በዚያ ቤት የቀደመን ወረቀት መላጥ ነውር ስለሆነ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ኖረዋል። ስሙ ግን አንድ ነው፤ የፈንገሱ። የሊቃውንቱ ልማድ እንዲህ ነው፤ ምግብ ሠሪው በስሙ አይጠራም።

የቤቱ ኃላፊ ዶክተር ቢተው የፈንገስ ሊቅ ናቸው። ፖስታው ሁሉ «ሰብሳቢ፦ ዶክተር ቢተው» ይላል። ገደሉን የወጡት፣ ፍቀው ያደረቁት ግን ረዳታቸው ወይዘሮ ትሁኔ ናቸው።

ዘንድሮ ቤቱ የፈንገስና የአልጌ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ፈንገስ እዚያው ቀረ፤ ለአልጌ ከግቢው ማዶ ዙሪያውን መስታወት የሆነ አዲስ ቤት ተሰጠው። ወይዘሮ ትሁኔም እስከ ዓርብ አንዱን እንዲመርጡ ተነገራቸው። ከስምንት ሺህ ፖስታ የትኛው የት እንዳለ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ዶክተሩ በዚያ ሳምንት «እንደምን አደርሽ» ማለት ጀመሩ፤ ረቡዕ ዕለት ሻይ ጋበዙ።

ዓርብ ሁሉም ተሰበሰበ።

«ትሁኔ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጥላ ሆኜልሻለሁ» አሉ ዶክተሩ። «እዚያ ማዶ ፀሐዩ አይቻልም።»

«እውነትዎን ነው ዶክተር። ፀሐይ ካየሁ ቆየሁ።»

ሰው ሳቀ። ዶክተሩም ሳቁ፤ ትንሽ ዘግይተው።

ወይዘሮ ትሁኔ የጓሳውን ፖስታ አንሥተው ገለበጡት። «ይኼ ገና እርጥብ ሳለ፣ ሁለቱን ለያይተን በየብርጭቆው አኑረናቸው ነበር። ያስታውሳሉ?»

«እንዴት እረሳለሁ! አልጌው ብቻውን ለመለመ።»

«ፈንገሱስ?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ። «ቅርፁ ጠፋ። ምን እንደሆነ እንኳ መለየት አቃተን።»

«ከወረቀቶቹ አንዱም አልዋሸም» አሉ ወይዘሮ ትሁኔ፤ ፖስታውን በሁለት እጃቸው ለዶክተሩ አቀረቡ። «ስሙ ከእርስዎ ጋር ይቅር። እኔ ከአረንጓዴው ጋር እሻገራለሁ።»