ውሃ በመሳሳም ሰዓት

የእኛ ሰው ቴሌቪዥን ላይ መሳሳም ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ መቼም ታውቃላችሁ። አባት ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ እናት ሪሞት ትፈልጋለች፣ ልጅ ውሃ እንዲያመጣ ይታዘዛል። የጠማው ሰው ግን የለም።

እኔም ይህንኑ አመል ይዤ ነው ላስ ቬጋስ የገባሁት። በኮሮና ጊዜ የምሠራበት ካዚኖ ተዘግቶ ቤት ስንውል፣ ሜክሲኳዊቷ ጎረቤቴ ሮሳ አንድ ድራማ በስልኬ ላከችልኝ። ስፓኒሽ ነው፤ ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ደግሞ አንብቤ ሳልጨርስ ያልፍብኛል። ስለዚህ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ቤቲ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትተረጉምልኛለች። ልጅቷና ጎረምሳው ይዋደዳሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ወደድኩት! ብቻ ለመታረቅ ፊታቸውን ሲያቀራርቡ «ቤቲዬ፣ ውሃ!» እላለሁ። እሷ ኪችን ደርሳ እስክትመለስ በጣቴ ገፋ አድርጌ ቀጣዩን ክፍል እከፍታለሁ።

አንድ ቀን ሮሳ በር ላይ አገኘችኝ።

«ክሊኒኩ ጋ ደረሳችሁ? እኔ ለልጄ ለማሪሶል መንገር ያፈርኩትን ሁሉ ነርሷ ነገረችልኝ።»

«የምን ክሊኒክ?»

ለካስ ድራማውን የሠሩት የጤና ሰዎች ናቸው። የእነሮሳ አገር ልጆች ምክር ሲሏቸው ስለሚሸሹ፣ ስለ ኮንዶሙም ስለ ምርመራውም በፍቅር ታሪክ ጠቅልለው ያስተምሯቸዋል። ትምህርቱ የሚመጣው ደግሞ ልክ ከመሳሳሙ ቀጥሎ ነው። እኔ ታዲያ ፍቅሩን እያሳየሁ ጥንቃቄውን ስቆርጥባት ከርሜአለሁ! ቤቲ ደግሞ ሰሞኑን የቸርቻችን አንድ ልጅ ቴክስት ሲያደርግላት ለብቻዋ መሳቅ ጀምራለች።

ያን ቀን ጨክኜ የዘለልኩትን ክፍል ከፈትኩ። ፊቶቹ ተቀራረቡ። አፌ ሳላዘው «ቤቲ…» አለ።

ቤቲ ከሶፋው ሥር ሙሉ ጆግ ውሃ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «ይኸው ውሃሽ፣ ማሚ። እኔ ከማሪሶል ጋር አይቼ ጨርሼዋለሁ። ያላየሽው አንቺ ነሽ።»

ነርሷ መጣች። ቤቲ ጆሮዋ እየቀላ አንድም ቃል ሳትዘል ተረጎመችልኝ። ሲያልቅ ስልኩን ደፍታ፣ «ግን ማሚ፣ ነርሷ ያልመለሰችው ጥያቄ አለኝ» አለች።

ከጆጉ ቀድቼ ግጥም አድርጌ ጠጣሁ። ዛሬስ የምር ጠምቶኝ ነበር።

«ጠይቂኝ» አልኳት።