የክቡር ጋሽ ወልደጻድቅ ሆድ

በዚህ ምድር ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከተነሳ ሰው የበለጠ ሐኪም የለም። የእኛ የሚዛን ተፈሪው ደግሞ ክቡር ጋሽ ወልደጻድቅ ናቸው፤ ትምህርቱን የሚሰጡትም ሸሚዛቸውን ገልጠው ነው።

ጋሽ ወልደጻድቅ የቡና ማድረቂያ አልጋ ሠሪ ናቸው። ከሸኮ እስከ ቴፒ ስንቱ ገበሬ ቡናውን የሚያሰጣው እሳቸው በወጠሩት የሽቦ መረብ ላይ ነው። አንድ ዓመት አንጀታቸው ተጠማዘዘና ጅማ ሆስፒታል ወሰዷቸው። የሞተው ክፍል ተቆርጦ በግራ ሆዳቸው ላይ መውጫ ተከፈተላቸው፤ ሰገራቸው በዚያ በኩል ወደ ተለጠፈ ከረጢት ይወርዳል። ከባድ ነገር እንዳያነሱ ተነግሯቸው ነበር። እሳቸው ግን ጣውላ ተሸከሙ። በመውጫው ዳር ሆዳቸው ላላና አንጀት ገፍቶ ሎሚ የሚያህል እብጠት ወጣ፤ ሎሚው ቆይቶ ፓፓያ አከለ። ከረጢቱም አልለጠፍ አለ።

ተመልሰው ሲሄዱ ዶክተር ልዩ የተባለች ወጣት ቀዶ ሐኪም የላላውን ቦታ በመረብ እንደምትደግፍላቸው ነገረቻቸው። መረብ የሚለውን ቃል ሰምተው ዝም ሊሉ ነው? አሳዪኝ አሉ። የተሰጣቸውን ቁራጭ ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት፣ በሁለት እጃቸው ጎተቱት፣ በጥፍራቸው ፈተሹት። ከዚያም ጠርዙን ጠየቁ። ከቀዳዳው በየአቅጣጫው አምስት ሳንቲሜትር እንደሚያልፍ ስትነግራቸው፣ እሳቸውም ሽቦውን ከጣውላው አራት ጣት እንደሚያስተርፉ ገልጸው ሥራው እንዲጀመር ፈቀዱ።

እሳቸው ሲያወሩት ግን እዚህ ላይ ወሬው ሌላ ይሆናል፤ ሐኪሟን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ሰላም አጣ። ሰይፈዲን ሱቅ ስኳር ልትገዛ ከገባህ ሸሚዝ ይገለጣል። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ዘግነህ ሳታላምጥ ሸሚዝ ይገለጣል። "ነገሩ ጠርዙ ላይ ነው" ይሉሃል ከረጢቱን በአመልካች ጣታቸው እየዞሩ። ባለቤታቸው እትዬ ማናልሞሽ አፍረው ወፍራም ሹራብ ገዙላቸው። ለሥራ ቴፒ ሲወርዱ በሙቀቱ ሹራቡም ተገለጠ። ሰው ሲቆጣቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

እኔ ከሩቅ ካየኋቸው መንገድ እቀይር ነበር። ምክንያት ነበረኝ። በ2006 ዓ.ም. ኪሴ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ ፊንጢጣዬ አጠገብ ካንሰር ስለተገኘ አንጀቴ ተቆርጦ እንደ እሳቸው በሆዴ መውጣት አለበት የሚል። ቶሎ ካልተቆረጠ እንደሚገድለኝ ተነግሮኛል። መምህር ነኝ። ስልሳ ተማሪ ፊት ከረጢት ታጥቄ ከምቆም ሞቱን መርጬ ሦስት ሳምንት ሳልፈርም ቀረሁ። ከባለቤቴ ከተሾመች በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወልደጻድቅ ቤቴ መጡ። ተሾመች እንደነገረቻቸው ገባኝና ተናደድኩ፤ ሸሚዙ እስኪገለጥ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። አልተገለጠም። ስለ ዝናቡ አወሩ። ቡናው ሳይደርቅ እንደሻገተባቸው ሰዎች አወሩ። ውሃ ጠጡ። ከዚያ ዝም አሉ፤ ጋሽ ወልደጻድቅ ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጨነቀኝ።

"ጋሼ፣ እስቲ ይግለጡልኝ" አልኳቸው።

በሩን አዩ። "መጀመሪያ ዝጋው" አሉኝ፤ "ሰው ያየኛል።"

ዘጋሁት። ገለጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሸሽ አየሁ። ጠባሳው፣ ከረጢቱ፣ የተስተካከለው ሆድ፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም። ክፍል ውስጥ ይታወቅብኝ ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ስንት ዓመት መኪና ስሳፈር ኖርኩ" አሉ ሸሚዛቸውን እየመለሱ። "እኔ ካልገለጥኩለት ማን አወቀ?"

ሰኞ ፈረምኩ። ዶክተር ልዩ ለእኔ ከመጀመሪያው ቀን፣ መውጫውን ስትከፍት መረቡን አብራ አኖረችልኝ፤ ሳይላላ ቀድሞ መደገፍ ይሻላል ብላ። ጋሽ ወልደጻድቅ ይህንንም የመከርኳት እኔ ነኝ ይላሉ። ይበሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ጠርዜን ያያሉ፤ አንድ ቅዳሜ ከቀሩ ቤቱ ይከብደኛል።

አስተምራለሁ፤ ማንም አላወቀም። ትናንት ግን የቴፒ መኪና ላይ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ የጅማ ሆስፒታል ወረቀት እጁ ላይ አጣጥፎ መስኮት መስኮቱን ሲያይ አየሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩና ስለ ዝናቡ አወራሁት። እጄ ቀስ ብሎ ወደ ሸሚዜ ቁልፍ ሄደ።